ኋላ የቀረው ተከላካይ

አንድ ሰው ነበር። ኳስ ተጫዋች ነበር። ስሙን እንዳልናገር ለምኖኛል፤ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ታሪኩን የነገረኝ ራሱ ነው። እኛ ዝም ብለን አምበሉ እንበለው፤ ያኔ የቡድኑ አምበል እሱ ነበርና።

የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነበር፣ ሦስተኛ ዓመት። ቦታው መሀል ተከላካይ ነው። ባለፈው ዓመት የመክፈቻ ጨዋታ ላይ ኮሌጁ በጎረቤት ከተማው ኮሌጅ አምስት ለባዶ ተሸንፏል። አምስት! ያውም በገዛ ሜዳው! ኳስ የምትወዱ ወንድሞች፣ ይህ ነገር እንዴት እንደሚያም ታውቁታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ተማሪው አምስት ጣቱን እያወጣ ያሳየዋል። በኋላማ እጁን ዘርግቶ ሰላም የሚለው ሰው ሁሉ የሚያሾፍበት ይመስለው ጀመር።

እንግዲህ ሰውየው አዲሱን ዓመት የጀመረው እንዲህ ቆስሎ ነው። የቆሰለ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? ይጠረጥራል።

አሰልጣኙ ኤርጫፎ የሚባሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። የመክፈቻው ጨዋታ አንድ ወር ሲቀረው ተከላካዮቹን ከሌሎቹ ቀድመው ጠሯቸው። "የዘንድሮ ሥራችን ኋላ መስመር ላይ ነው" አሏቸው። "ከኋላ ካልተገባብን አንሸነፍም።"

ኳስ የማታውቁ እናቶች፣ አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ቀላል ነው። አራት ተከላካዮች ጎን ለጎን በአንድ መስመር ይቆማሉ። አምበሉ ክንዱን አንስቶ "ውጣ!" ሲል አራቱም እኩል ወደፊት ይወጣሉ። ያን ጊዜ የሌላው ቡድን አጥቂ ከኋላቸው ብቻውን ይቀራል። እዚያ ቆሞ ኳስ ቢቀበል የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ያነሳል፣ ጨዋታ ውጪ ነው ይባላል፣ ጎሉም አይቆጠርም። አያችሁ? አጥቂው ሳይነካ ተያዘ!

ግን ከአራቱ አንዱ ባይወጣስ? አንዱ "ምናልባት" ብሎ ግማሽ እርምጃ ቢቀርስ? አጥቂው ነጻ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተለት። ሦስቱ መውጣታቸው ምንም አይጠቅምም።

እነዚህ አራት ልጆች ታዲያ ጠዋት ጠዋት ይህን ብቻ ይለማመዱ ነበር። ውጣ! ውጣ! ውጣ!

ከአራቱ አንዱ አዲስ ነው። ዘብዴዎስ ይባላል፣ የግራ መስመር ተከላካይ ነው። ከየት መጣ? ከዚያው አምስት ካገባባቸው ኮሌጅ! ቤተሰቡ ወደዚህ ከተማ ሲዛወር እሱም ዝውውር ጠይቆ መጣ። አምበሉ ይህን የሰማ ቀን፣ "አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ቁጭ አለ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ማየት ጀመረ። ወገኖቼ፣ መጠርጠር የጀመረ ሰው ማስረጃ አያጣም!

መጀመሪያ ያየው ይህን ነው፤ ዘብዴዎስ ሜዳ ላይ ኳሷን አያይም። ሰው ተከላካይ ሆኖ ኳስ አያይም? ዓይኑ እሱ ላይ ነው፣ አምበሉ ላይ። ዞር ሲል ያየዋል። ቆም ሲል ያየዋል። "ምን ያጠናኛል?" አለ በልቡ። "ለማን ሊነግር ነው የሚያጠናኝ?"

ሁለተኛ፣ ምግብ ቤት ሲገቡ ዘብዴዎስ ሁልጊዜ የአግዳሚውን የቀኝ ጫፍ ይይዛል። ቦታው ከተያዘ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ መሀል አይቀመጥም። "ሰው መሀል መቀመጥ ለምን ይፈራል?"

ሦስተኛው የባሰ ነበር። ጨዋታው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አምበሉ መናኸሪያው ጎን ባለች ሻይ ቤት በኩል ሲያልፍ ዘብዴዎስን አየው። አብሮት የተቀመጠው ማን ነው? ጋሽ ሄራሞ! የዚያኛው ቡድን ወጌሻ! የተጎዳ ተጫዋች የሚያሹት፣ ከአሰልጣኛቸው ጎን የሚቀመጡት ሰውዬ። አንገት ለአንገት ተጠጋግተው ያወራሉ። ጋሽ ሄራሞ የታጠፈ ወረቀት ሰጡት፣ ዘብዴዎስ ተቀብሎ ደረት ኪሱ ከተተ።

አምበሉ በስተቀኙ ከጀርባው ሆኖ፣ በመናኸሪያው ጫጫታ መሀል ጮክ ብሎ ጠራው፦ "ዘብዴ!"

ዘብዴዎስ ዞር አላለም።

"ዘብዴዎስ!"

ዝም። አምበሉ ደሙ ፈላ። እየሰማው እንዳልሰማ ሆነ! መንገዱን ቀጥሎ ሄደ፣ ግን ሲሄድ ፍርዱን ጨርሶ ነበር።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እናንተ ብትሆኑ አትጠረጥሩም? እውነቱን እንነጋገር። እኔ ብሆን እጠረጥራለሁ።

አምበሉ ወሬውን ለበረኛው ነገረው። በረኛው ጡሚሶ ይባላል፣ ቀልደኛ ልጅ ነው፣ የልብ ጓደኛው ነው። ጡሚሶም "እኔም ነገረ ሥራው አላማረኝም ነበር" አለ። ያላማረው ነገር አልነበረም እኮ! ግን ጥርጣሬ እንዲህ ነው፣ አንዱ ሲያዛጋ ሌላው ያዛጋል።

ሁለቱ ተማክረው ወጥመድ አዘጋጁ። አምበሉ ዘብዴዎስን ለብቻው ጠርቶ፣ "ለማንም እንዳትናገር፣ ጡሚሶ እጁ ተሰብሯል፣ ለመክፈቻው አይደርስም" አለው። ለሌላ ሰው አልተናገረም። ወሬው ከወጣ ያወጣው እሱ ነው ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ተማሪ አምበሉን አስቁማ፣ "የጡሚሶ እጅ እንዴት ሆነ?" አለችው።

"ያዝኩት!" አለ አምበሉ። "ያዝኩት!"

ያላወቀው ነገር ምን መሰላችሁ? ጡሚሶ ሆዬ፣ ውሸቱ እውነት እንዲመስል ብሎ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ግቢውን ሙሉ ሲዞር ነው የሰነበተው! አዎ፣ ሳቁ፤ ያስቃል። ግን ስንቶቻችን ነን በገዛ እጃችን የጠቀለልነውን ፋሻ ማስረጃ ብለን የያዝን?

አምበሉ ወደ አሰልጣኙ ሄደ። ያየውን ሁሉ ዘረዘረ። አሰልጣኝ ኤርጫፎ ፊሽካቸውን ጣታቸው ላይ እያዞሩ ሰሙትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

"እሱን ራሱን ጠይቀኸዋል?"

"እንዴት እጠይቀዋለሁ አሰልጣኝ? ቢዋሸኝስ?"

"ሳትጠይቀው ዋሸ አልከው ማለት ነው።" ፊሽካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። "ስማ ልጄ። አንድ ሳምንት ነው የቀረን። ወይ ጠይቀው፣ ወይ እመነው። ሁለቱንም ካላደረግህ ግን መስመሬን ታፈርሰዋለህ።"

ወይ ጠይቀው፣ ወይ እመነው። አምበሉ ምን አደረገ? ሁለቱንም አላደረገም። በልቡ የራሱን ዕቅድ አወጣ። "ዘብዴዎስ በጨዋታው ቀን ሆን ብሎ ወደኋላ መቅረቱ አይቀርም፣ በግራ በኩል ያስገባብናል" አለ። "ስለዚህ እኔ 'ውጣ' ብዬ ሌሎቹን አወጣለሁ፤ ራሴ ግን ትንሽ ቆየት እላለሁ። እሱ የሚከፍተውን እኔ እደፍናለሁ።"

ቡድኑን ለመጠበቅ ነው እኮ! ክፉ ሰው አይደለም። ልብ በሉልኝ፣ በጥርጣሬ የምንሠራውን አብዛኛውን ነገር የምንሠራው ቤታችንን የጠበቅን እየመሰለን ነው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨዋታው ተጀመረ። የሁለቱም ኮሌጅ ተማሪ ሜዳውን ከቦታል። አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ከዚያኛው ወገን ረጅም ኳስ መጣ። አምበሉ ክንዱን አንስቶ "ውጣ!" አለ። ኳሷ በላያቸው አለፈች። አጥቂው ከኋላቸው ብቻውን ነው። አምበሉ ወደ መስመር ዳኛው ዞሮ እጁን አነሳ፤ ጨዋታ ውጪ ነው!

ባንዲራው አልተነሳም። ጎል።

አምበሉ ወደ ግራ ዞሮ ዘብዴዎስን ተመለከተው። "ጀመረ" አለ በልቡ። ከዚያ ወዲህማ ኳሷን መመልከት ትቶ እሱን ነበር የሚያየው። እሱን ለመሸፈን ወደኋላ የሚቀርበት ግማሽ እርምጃ አንድ እርምጃ ሆነ።

ለእረፍት ሁለት ደቂቃ ሲቀር እንደገና መጣ። "ውጣ!" ኳሷ አለፈች። ባንዲራው አሁንም አልተነሳም። ሁለት ለባዶ።

አሁን አምበሉ ራሱን መግዛት አቃተው። ሮጦ ሄዶ ከቀኙ በኩል የዘብዴዎስን ማልያ ከደረቱ ጨመደደ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ "ሸጥከን!" ብሎ ጮኸበት። "ከሃዲ! ለእነሱ ሸጥከን!"

ዘብዴዎስ አፍ አፉን እያየ፣ "ምን አልክ?" አለው።

"አልሰማሁም እንዳትለኝ!"

"አልሰማሁም" አለ ዘብዴዎስ።

በጎሉ ሆታ መሀል እሱ አልሰማም። ዳር የቆመው ተማሪ ግን ሰማ። "ከሃዲ! ከሃዲ!" የሚል ጩኸት ከአንዱ ጥግ ተነሳና ሜዳውን ዞረው። ይህን እሱም ሰማው።

እረፍት ሆነ፤ ወደ መልበሻ ክፍሉ ገቡ። ዘብዴዎስ ጥግ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። አምበሉ መሀል ቆሞ፣ "አሰልጣኝ፣ ያስወጡት! አዩት አይደል? ሁለቱንም ጊዜ ቀርቷል!" አለ።

አሰልጣኙ መልስ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ድምፅ ተሰማ። ጡሚሶ ነበር። ቀልደኛው ጡሚሶ፣ አሁን ግን ቀልድ የለውም።

"አምበል፣ እኔ በረኛ ነኝ። ከኋላ ነው የምቆመው። አራታችሁንም አያለሁ።"

"እኮ፣ ተናገር!"

"እሱ ወጥቷል። ክንድህ ከፍ ሲል ወጥቷል። ሁለቱንም ጊዜ የቀረኸው አንተ ነህ።"

ያ ሰው ይህን ሲነግረኝ ስንት ዓመት አልፎታል፤ ግን እዚህ ላይ ሲደርስ አንገቱን ደፋ።

ቡድኑን የሸጠው ማን ነው? ወገኖቼ፣ ማን ነው?

አምበሉ ያን ጊዜ፣ ከዚያ ሁሉ ሳምንት በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀው። ድምፁ ዝግ ብሎ ነበር። "ዘብዴ፣ ያን ቀን መናኸሪያው ጋ ከጋሽ ሄራሞ ጋር ምን ነበር የምታወሩት?"

ዘብዴዎስ ቀና ብሎ፣ "በዚህ በኩል ና" አለው፣ ወደ ግራው እያመለከተ። "በዚያ በኩል አልሰማህም።"

ነገሩ ለካ ይህ ነበር። ባለፈው ዓመት ከአንድ አጥቂ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭቶ ቀኝ ጆሮው ተጎዳ። መጀመሪያ የረዱት ጋሽ ሄራሞ ናቸው። ሽማግሌው አልረሱትም፤ ዘመዳቸው በሚሠራበት ሆስፒታል ለጆሮ ሐኪም ቀጠሮ አስይዘውለት ወረቀቱን ይዘውለት መጡ። ምግብ ቤት የአግዳሚውን የቀኝ ጫፍ የሚይዘው ለምንድን ነው? ሰው ሁሉ በግራ ጆሮው በኩል እንዲሆንለት። ሲጠሩት ያልዞረው? አልሰማም። በቃ፣ አልሰማም!

"ለምን አልነገርከንም?" አለ አምበሉ።

"ጥሪ የማይሰማ ተከላካይ ማን ያሰልፋል?" አለ ዘብዴዎስ። "እንዳትተዉኝ ብዬ ነው።"

"ታዲያ ልምምድ ላይ 'ውጣ' ስል እንዴት ነበር የምትወጣው?"

"ክንድህን እያየሁ" አለው። "ዓይኔን ካንተ ላይ አልነቅልም ነበር።"

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሁለት ሰዎች ለሳምንታት ሲተያዩ ነበር። አንዱ ሊይዘው ያያል፤ ሌላው ሊከተለው ያያል። አንዱ "መቼ ይሆን የሚከዳኝ?" እያለ ያያል፤ ሌላው "መቼ ነው የሚጠራኝ?" እያለ። ዓይን ለዓይን እየተጋጩ፣ አንዱ የሌላውን ልብ አላየም! በቤታችሁ እንዲህ የምትተያዩ የላችሁም? በአንድ ገበታ ተቀምጣችሁ?

አምበሉ "ይቅርታ አድርግልኝ" አለ። ዘብዴዎስ የጫማውን ክር ፈትቶ ጨርሷል። "ሜዳው ሙሉ ከሃዲ ብሎኛል" አለ። "በየትኛው ፊቴ ነው የምወጣው?"

የዳኛው ፊሽካ ተነፋ። አሰልጣኝ ኤርጫፎ ማንንም አልገፉም፣ ስብከትም አልሰበኩም። ዘብዴዎስ ጎን ቁጭ ብለው፣ በግራው በኩል፣ "የእኔ ልጅ፣ ብትቀር አልፈርድብህም። ብትወጣ ግን መስመሬ ካንተ ጋር ሙሉ ነው" አሉት።

ዘብዴዎስ ክሩን መልሶ ማሰር ጀመረ። አምበሉን ቀና ብሎ አየውና፣ "ላንተ ብዬ አይደለም። ለእሳቸው ብዬ ነው" አለው።

አምበሉ እጁን ይዞት ወጣ። ቀጥታ ወደ ቦታቸው አልሄዱም። ያ ጩኸት ወደተነሳበት ጥግ ይዞት ሄደና ለተማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "የቀረሁት እኔ ነኝ! ጥፋቱ የኔ ነው! እሱ አልቀረም!" አለ። አንዳንዱ ዝም አለ። አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ ደግሞ መጮኹን ቀጠለ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የመስመር ዳኛው አምስት ጊዜ ባንዲራውን አነሳ። አምበሉ ክንዱን ሲያነሳ ራሱም ወጣ፣ አራቱም ወጡ፤ ከኋላቸው የገባ ኳስ አልነበረም። ታዲያ አሸነፉ? አሸነፉ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አላሸነፉም። አንድ አገቡ፣ ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። በእረፍት ላይ የተማሩትን ከእረፍት በፊት ባለማወቃቸው ተሸነፉ።

ሌላም አለ። ያ "ከሃዲ" የሚለው ቃል በዚያ ቀን አልሞተም። ከወር በኋላ ዘብዴዎስ ሲያልፍ የሚንሾካሾክ ተማሪ ነበር። አምበሉ በሰማበት ቦታ ሁሉ፣ በየመኝታ ክፍሉ፣ በየክፍሉ እየዞረ "ውሸት ነው፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ" ይል ነበር። "ለመናገር አንድ ትንፋሽ ነው የፈጀብኝ፤ ለመሰብሰብ ግን ያንን ዓመት ሙሉ ዞሬ አልጨረስኩም" አለኝ።

ዘብዴዎስስ? ታክሟል፤ ቀኝ ጆሮው ትንሽ ትንሽ ይሰማለታል። እሱም መምህር ነው። ለአምበሉ ሠርግ መጥቷል፣ አጨብጭቧል፣ በልቷል፣ መርቋል። "ይቅር ብሎኛል" አለኝ አምበሉ። "ግን ሲያወራኝ አሁንም ቶሎ ዓይኑን ከእኔ ላይ ይነቅላል። ያን እምነቱን እኔ ነኝ የወሰድኩበት።"

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ይዤ ወደ እናንተ እመጣለሁ።

"ታዲያ አንጠንቀቅ ወይ? የሚከዳ ሰው የለም ወይ?" የምትሉ አላችሁ። አለ እንጂ! ተጠንቀቁ። ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጥንቃቄ ፊት ለፊት ቆሞ "ወንድሜ፣ ይህን አየሁ፣ ምንድን ነው?" ይላል። ጥርጣሬ ግን አይጠይቅም። ጥርጣሬ መልስ ይፈራል። ለምን? መልስ ካገኘ ይሞታላ!

አንቺ ባልሽ ስልክ ይዞ በረንዳ ሲወጣ ስንት ታሪክ ጽፈሻል? ጠይቀሽዋል? አንተ ባልደረባህ ከኃላፊው ቢሮ ሲወጣ ስታየው ስንት ቀን እንቅልፍ አጣህ? ጠይቀኸዋል? እናንተ መዘምራን፣ ያቺ አዲስ የመጣች እህት "ከየት ናት? ምን ፈልጋ ነው?" ተባብላችኋል፤ ከእናንተ አንዱ እንኳ አጠገቧ ሄዶ ተቀምጧል? ጉባኤ ስንቀመጥ "እሺ፣ አብረን እንውጣ" እንላለን፤ ድምፃችን ከሁሉ ይበልጣል፣ ክንዳችንን እናነሳለን። እግራችን ግን የት ነው? ከዚያ ጠላት ሲገባብን "ማን ከፈተለት?" ብለን ወንድማችንን እናንቃለን።

ደግሞ ሰው ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለው። የሚደብቀው ሁሉ ግን ክህደት አይደለም። አንዳንዱ የሚደብቀው ሕመሙን ነው። አንዳንዱ እንዳትተዉት ፈርቶ ነው። ዝም ያላችሁ ሰው ንቋችሁ ሳይሆን ሳይሰማችሁ ቀርቶ ይሆናል። በሌላው በኩል ሄዳችሁ ጥሩት!

ልጨርስ ነው። ከመጨረሴ በፊት ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ይህን ስብከት ሳዘጋጅ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ከአራት ወር በፊት እኔን የሚከስ፣ የጸሐፊው ስም የሌለበት ደብዳቤ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ደርሷል። ማን እንደጻፈው አላውቅም። ግን በልቤ አንድ ሰው መርጫለሁ። አጻጻፉ የእሱ ይመስላል አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ስለው እጄ እንጂ ልቤ አይዘረጋም። ስብሰባ ላይ ሐሳብ ሲያቀርብ ከሐሳቡ በፊት ደብዳቤው ይታየኛል። አራት ወር! በየእሑዱ ስለ ፍቅር ስሰብክላችሁ አራት ወር! ጻፈው? አልጻፈውም? አላውቅም። ጠይቄው አላውቅም።

ስለዚህ ዛሬ መዝሙሩ ሲያበቃ እንደ ልማዴ በር ላይ ቆሜ እጃችሁን አልጨብጥም። ይቅር በሉኝ። ያ ሰው እዚህ መካከላችን ተቀምጧል፤ ቀድሞኝ ወደ ቤቱ ሳይሄድ ልደርስበት እፈልጋለሁ።